መብራቱ የማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ፣ የኛ ሰው በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ስለ ፕሬዚዳንቱ የማያውቅ ሰው የለም። ማኪያቶ የያዘ ሁሉ ተንታኝ ነው። ከምሳ በፊት ሴኔቱ ይበተናል፣ ከምሳ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሻራል፤ ሒሳብ ሲመጣ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔም ከተንታኞቹ አንዱ ነኝ። እንዲያውም ብዙ አንብቧል የሚባል ስም ስላለኝ ወንበሬ ግድግዳው ሥር ነው፤ የሚከራከረኝ ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ። በዚህ ሁሉ እውቀቴ ላይ ነው አንድ ቀን እትዬ፣ «ይሄ የእግረኛ መብራት የማን ነው?» ብለው የጠየቁኝና አፌ የተያዘው።

እትዬ ጎረቤቴ ናቸው፤ በር ለበር ነን። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ፌርፋክስን ተሻግሮ ባለ የቅመም መደብር በርበሬና ሽሮ እየመዘኑ ያሽጋሉ። ከቤታቸው እስከ ሥራቸው ያለው መንገድ አንድ ጎዳና ብቻ ነው፤ ችግሩም እሱ ጎዳና ነው። ‹ተሻገሩ› የሚለው ነጩ ሰውዬ መብራቱ ላይ ብቅ ይላል፣ ወዲያው ቀይ እጅ ብልጭ ድርግም እያለ ቁልቁል መቁጠር ይጀምራል፣ ዜሮ ሲገባ መኪናው ይለቀቃል። እትዬ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ወዲህ ዜሮ ሲገባ ሁልጊዜ አንድ መስመር ይቀራቸዋል። እሷን አንዷን መስመር የሚሻገሩት መዳፋቸውን ለመኪኖቹ ዘርግተው፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው።

ልጃቸው አንድ እሑድ ይህን አየች። ልጃቸው የምትኖረው ራቅ ብላ ጋርዴና ሲሆን የምትሠራው ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ነው። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ክፋት የላትም። ግን እናቷን መሐል መንገድ ላይ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ ጥቁር መኪና ጥሩንባ እየነፋባቸው ስታያቸው ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማዬ፣ ኢናፍ!» አለች እቤት እንደገቡ፤ እኔም በር ለበር ነኝና ጩኸቱ ጠርቶኛል። «ሊዙ ሲያልቅ ጋርዴና ሙቭ ታደርጊያለሽ።»

«ጋርዴና ምን አለ?»

«ጓሮ አለ። የራስሽ ክፍል አለ።»

«ሰውስ?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺ የምትገቢው ማታ ነው። ቀኑን ከጓሮው ጋር ላውራ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ንገራት እስቲ፤ አንተን ትሰማሃለች።» እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ሰው ሁሉ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቀኝ የምሄድ ነኝና፣ «መሄድ ያለበት መብራቱ ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም» አልኩ። ዝም ብዬ ያልኩት ነበር። እትዬ ግን እንደ መሐላ ያዙብኝ። የቤት ኪራይ ውላቸው ሊያልቅ የቀረው ሦስት ወር ነው። በሦስት ወር መብራቱ ካልተስተካከለ ጋርዴና። ስምምነቱ በዚህ ተደመደመ፤ እኔም ያለ ሹመት ባለጉዳይ ሆንኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። የዚህ አገር ዜጋ ከሆንኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ምክንያቶቼ ብዙና ያማሩ ነበሩ። አንድ ድምፅ በሚሊዮን መሐል ውቅያኖስ ላይ እንደወረደ ጠብታ ነው እል ነበር። ሁለቱም ፓርቲዎች አንድ ናቸው እል ነበር። አንድ ናቸው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደግሞ ልዩነታቸውን ዘርዝሬ አሳፍረው ነበር። እትዬ በግሪን ካርድ ነው ያሉት፤ የዜግነት ፈተናው እንግሊዝኛ እምቢ ብሏቸዋል። «አንተ ወረቀቱን እንደ ጌጥ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥከው» ይሉኝ ነበር። «ለኔ ቢሰጡኝ አርጅቶ እስኪቀደድ እሠራበታለሁ።»

እናም አቤቱታ ጻፍኩ። ለማን? የኛ ሰው አቤት ሲል የት እንደሚጀምር የታወቀ ነው፤ ከላይ። አጥቢያ ዳኛ እያለ ዙፋን ችሎት፣ የቀበሌ ሊቀመንበር እያለ ሚኒስትር። በመሐል ያለው ሁሉ ዘበኛ ነው የሚመስለን። እኔም፣ ያን ሁሉ ያነበብኩት ሰው፣ ዋሺንግተን ላሉት የአካባቢያችን የኮንግረስ ተወካይ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ዜጋና መንግሥት ቃል ኪዳን አነሳሁ። ሮማውያን ስለሠሯቸው መንገዶች አንድ አንቀጽ አስገባሁ። መብራቱ የመጣው በሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን በጣታቸው ዳበሱት።

«ምን አሉ?»

«እናመሰግናለን አሉ።»

«ለምኑ?»

«ስለ ጻፍኩላቸው።»

«መብራቱስ?»

«የነሱ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

መብራቱ የማን ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በር ስከፍት የሚጠብቀኝ ሰላምታ ይህ ነበር። ለክፍለ ግዛቱ ደወልኩ፤ ፍሪዌዩ የኛ ነው፣ ፌርፋክስ ግን አይደለም አሉኝ። ለካውንቲው ደወልኩ። በነገራችን ላይ ካውንቲ ምን እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ግብር ከፍያለሁ፤ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ስልክ የምታነሳ ትሑት ሴት አለችው። «የከተማው ነው» አለችኝ። «ግን ብቻህን ከምትጽፍ መጀመሪያ ወደ ሰፈራችሁ ምክር ቤት ብትሄዱ ይሻላል።» የሰፈር ምክር ቤት የሚባል ነገር አለ? አለ። የተመረጡ ጎረቤቶች ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም፣ በወር አንዴ አመሻሽ ላይ በአንድ ትምህርት ቤት የመመገቢያ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ማዘዝ አይችሉም፤ ግን ለከተማው ደብዳቤ ሲጽፉ ደብዳቤው ይነበባል።

ለእትዬ ስነግራቸው ሳቁ። «ቀበሌ ነዋ! ሁለት ወር ሙሉ ሰማይ ለሰማይ ስትበር ከርመህ ቀበሌ አጠገባችን ነበር።»

ያኔ የቀረን አንድ ወር ነበር፤ ስብሰባውም አንድ ብቻ።

የስብሰባው ደንብ እንዲህ ነው። መናገር የሚፈልግ ሰው በር ላይ ካርድ ይሞላል፤ ስሙ ሲጠራ አንድ ደቂቃ ያገኛል። አስተርጓሚ ያለው ሁለት ደቂቃ። እኔ አስተርጓሚ እሆናለሁ። በቅመም መደብሩ፣ በበርበሬው ጆንያ መካከል፣ ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ እትዬን አለማመድኳቸው። አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚሠሩ፣ ጉልበታቸው፣ መብራቱ፣ የሚፈልጉት።

«ሰላምታውስ?» አሉ።

«ሰላምታ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ጊዜ የለም፣ እትዬ።»

«ሰው ቤት ገብቼ እንደ በግ ዘው ብዬ ነገር ልጀምር?»

«‹እንደምን አመሻችሁ› ይበሉ። በቃ። አንዲት ቃል።»

አጉረመረሙ፣ ግን ተስማሙ። በሰባተኛው ሙከራ በሃምሳ ሰከንድ ጨረሱ። እኔም እንደ አሠልጣኝ ኮራሁ።

በቀጠሮው ቀን አጀብ ተከተለን። ይህን አላሰብኩበትም ነበር፤ ማሰብ ነበረብኝ። የኛ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ብቻውን አይሄድም። የታክሲ ሹፌሩ ጓደኛዬ መጣ፤ ፕሮፌሰር እያለ የሚያሾፍብኝ እሱ ነው። ሆሊውድ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤቱ ከበሮ የሚመታው ጎረቤታችን መጣ። ከመደብሩ ባልደረቦች፣ ከሕንፃችን ሰዎች ጋር አሥራ ሁለት ሆንን። ልጃቸው ከሥራ መቅረት ስላልቻለች ስልክ ደውላ፣ «ጉድ ላክ፣ እማዬ፤ ካልሆነ ግን ቃል ቃል ነው» አለቻቸው።

እኔ መኪና ፓርክ ላደርግ ስሄድ እነሱ ገቡ።

ስብሰባው እንደ ማንኛውም ስብሰባ ነበር። አንድ ሰው ስለ ቅጠል መንፊያ ማሽን ጩኸት ተናገረ። አንዲት ሴት ስለ ጎረቤቷ ውሻ ተናገረች። ከዚያ መንገድ ዳር ያሉት የኤሌክትሪክ ሳጥኖች ላይ ምን ይሳል በሚለው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ አንዱ አበባ አለ፣ አንዱ ወፍ አለ፣ አንድ አዛውንት ምንም አይሳል አሉ። አዛውንቱን በሆዴ ደገፍኳቸው። ሹፌሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሶ፣ አሜሪካን የሚገዛት ይሄ ነው?» አለኝ። «ይሄን ያህል ሳጥን ላይ ከተጨቃጨቁ ኒውክሌሩ ላይ ተስፋ አለን ማለት ነው።»

በመጨረሻ የእትዬ ስም ተጠራ። ነጠላቸውን አስተካክለው ማይክሮፎኑ ዘንድ ቆሙ፤ እኔ ጎናቸው። ሰዓቱ ጀመረ። «እንደምን አመሻችሁ» አሉ። ተረጎምኩ። ከዚያ ቀና ብለው ሰብሳቢዋን አዩ። ሰብሳቢዋ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ የቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጄሶ ተጠቅልሏል።

እትዬ ዓይናቸውን ጄሶው ላይ ተከሉ። እኔ ገባኝ። አይ፣ አልኩ በሆዴ። አይ፣ እትዬ።

«እጅሽን ምን አገኘሽ፣ ልጄ?»

ምን ላድርግ? ተረጎምኩ። ሰብሳቢዋ ሳቀች፤ የሎሚ ዛፍ ስትከረክም ከመሰላል ወድቃ ነው። እትዬ ደረታቸውን መቱ። እግዚአብሔር ይማርሽ አሉ። አጥንት የሚጠግን ሾርባ እንዳለ ነገሯት። ማን እየረዳሽ ነው፣ ባል አለሽ፣ ልጆች ደህና ናቸው? ሰብሳቢዋ ልጆቹ ደህና ናቸው አለች፤ አንዱ ኮሌጅ ገብቷል። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከጎኗ የተቀመጡትንም በተራ ጠየቁ፤ አንዱን ጠይቆ ሌላውን መተው ነውር ነዋ። እኔ ላብ እያጠመቀኝ እተረጉማለሁ። «እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ደወሉ ጮኸ።

ሰብሳቢዋ አፈረች። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው፤ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አለቀ?» አሉኝ። አለቀ። ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ያቺ ልጅ የምትላት ጋርዴና፣ ጓሮዋና ብቸኝነቷ ፊታቸው ላይ ሲያልፉ አየሁ። የሰላምታ ልማዳችን ይህን ያህል ያናደደኝ ጊዜ የለም። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰብሳቢዋ ጠረጴዛው ጀርባ ከተቀመጠች ጀምሮ ስለ እጇ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ቀጣዩን ካርድ አነሳችና የሹፌሩን ስም ጠራች።

ሹፌሩ ከወንበሩ ዘለለ። «እኔ? እኔ ምን አደረግኩ?»

«ካርድ ሞልተሃል እንዴ?» አልኩት።

«ስም ጻፉ አሉ፣ ጻፍን! ስምህ ካልተጻፈ እንዳልመጣህ አይደል የሚቆጠረው? ስኳር በስንት ሰልፍ ያገኘን ሰዎች ነን፣ ፕሮፌሰር!»

ሁሉም ሞልተዋል። አሥሩም። የመናገሪያ ካርዱን የመገኘት መቆጣጠሪያ መስሏቸው አንድ በአንድ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ስልክ ቁጥር ሳይቀር። ጉዳይ በሚለው መስመር ላይ አብዛኞቹ የእትዬን ስም ጽፈዋል። የፓርኪንጉ ሠራተኛ «ሰላም» ብሎ ጽፏል።

ሹፌሩ ማይክሮፎኑን እንደሚናከስ ነገር ከሩቅ ያዘው። በእንግሊዝኛ፣ «እሳቸው ያሉትን ነው የምለው» አለ። ሰብሳቢዋ፣ «ግን እሳቸው እስካሁን ምንም አላሉም» አለች፤ አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ስለ መብራቱ አወራ፤ ስለ ጉልበታቸው አወራ። «አንድ እሑድ ኤርፖርት የሚቸኩል ሰው ጭኜ ነበር። መሐል መንገድ የቆመች አሮጊት ላይ ጥሩንባ ነፋሁ። እጃቸውን ሲያነሱ ነው ያወቅኳቸው። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።»

ጥቁሩ መኪና የሱ ነበር። ለእትዬ ተረጎምኩላቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ታርጋውን አየሁት። እንዳያፍር ብዬ ነው።»

ቀጠለ። የፓርኪንጉ ሠራተኛ ግማሽ ደቂቃውን ከተማውን ባረከበት፤ በቀረው ግማሽ ደቂቃ ግን ሦስት ቀን በምሳ ሰዓቱ ፌርፋክስ ላይ ቆሞ አዛውንት ሲሻገሩ ሰዓት እንደያዘ፣ ዜሮ ሳይገባ የደረሰ አንድም እንዳላየ ከወረቀት አነበበ። ማንም አላዘዘውም። ከመደብሩ አንዷ «ይስተካከል» ብቻ ብላ ተቀመጠች። ሌላው ስለ ቆሻሻ ገንዳ አነሳ፣ ጎተትነው። አምስቱን ዓረፍተ ነገሮቼን አሥር ሰው እየተቀባበለ ተናገራቸው፤ ከኔም ይልቅ አሳምሮ።

መጨረሻ ላይ የኔ ስም ተጠራ።

«እንዳትቀር ብዬ ላንተም ሞላሁልህ» አለ ሹፌሩ።

ሃያ ዓመት በማኪያቶ ላይ የተናገርኩት ሁሉ ለዚህች ደቂቃ ልምምድ መሆን ነበረበት። ማይክሮፎኑ ዘንድ ስቆም ግን ሮማውያን ጠፉብኝ። «እኚህ ሴት መንገዱን በሰዓቱ መሻገር ካልቻሉ ልጃቸው በወሩ መጨረሻ ወደ ጋርዴና ትወስዳቸዋለች» አልኩ። «በጋርዴና ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ግን እዚያ የሚያውቁት ሰው የለም፤ እዚህ ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚጠይቁ አይታችኋል።» ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም። ሰዓቱ ገና ግማሽ ላይ ነበር፤ በሕይወቴ ጊዜ ተርፎኝ የተቀመጥኩበት ብቸኛ ንግግር ነው።

የምክር ቤቱ አባላት እጅ አወጡ። ሰብሳቢዋ ግራዋን አወጣች። ሁሉም ደገፉ፤ ሳጥኑ ላይ ምንም አይሳል ያሉት አዛውንት ሳይቀሩ። ለከተማው የትራንስፖርት ክፍል አስቸኳይ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ስንወጣ በር ላይ ካርድ የሚያድለው ሰው እትዬን አስቆመና በሚቀጥለው የሰፈር ምክር ቤቱ ምርጫ መጥተው እንዲመርጡ ነገራቸው። «ዜጋ አይደሉም» አልኩት። «እዚህ ይኖራሉ? እዚህ ይሠራሉ? ይበቃል» አለኝ። ስተረጉምላቸው እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

ደብዳቤው ሄደ፤ እኛ መጠበቅ ጀመርን። በዚያው ሰሞን ለአገር አቀፉ ምርጫ የድምፅ መስጫው ወረቀት እንደ ወትሮው በፖስታ መጣልኝ። ሌላ ጊዜ ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር የሚጣል ነው። እትዬ ጠረጴዛዬ ላይ አዩትና፣ «እዚህ ውስጥ መብራቱ የማን ነው?» አሉ። ተቀምጠን አነበብኩላቸው። ላይ ፕሬዚዳንቱ፣ ከዚያ ኮንግረሱ፣ ከዚያ የክፍለ ግዛቱ፣ ከዚያ ሰምቻቸው የማላውቅ ዳኞች፤ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ የወረዳችን የከተማ ምክር ቤት ተወካይ። «እዚህ ጋ ነው» አልኩ። «ታዲያ ለምን ከታች አስቀመጡት?» አሉ። ማንን እንደምመርጥ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብዕር አነሳሁና ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ሞላሁ። ፕሬዚዳንቱ ጋ ስደርስ እጄ ደክሞ ነበር። ለተንታኞቹ አልተናገርኩም፤ ወንበሬን አጣለሁ።

ውሉ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ መሐንዲስ መጥቶ ጥግ ላይ ቆመ፣ ቆጠረ፣ ጻፈ፣ ሄደ። እትዬ ከመደብሩ በመስኮት ሲያዩት ዋሉ፤ ውሃ ላኩለት፣ እኔ ነኝ የወሰድኩለት። አራት ቀን ሲቀር መብራቱ ተቀየረ። ቆጠራው አሥራ ሁለት ሰከንድ ተጨምሮበታል።

እሑድ ልጃቸው ልትፈትን መጣች። ፈተና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እሷና እኔ ከመደብሩ በኩል ቆምን፤ ስልኳ ላይ ሰዓት ሞላች። እትዬ ከማዶ። ነጩ ሰውዬ ብቅ አለ፤ ወረዱ። አንደኛውን መስመር አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ። ቀይ እጁ መቁጠር ጀመረ። ደህና እየሄዱ ነበር። መሐል ላይ ሲደርሱ ከኛ በኩል የፓርኪንጉ ሠራተኛ ወርዶ ወደ እሳቸው ሲሄድ አየሁ።

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ» አለች ልጅቷ።

ቆሙ። እጁን ያዙ። ትከሻ ለትከሻ ሰላም ተባባሉ። የሆነ ነገር ጠየቁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለቀቁትና መጡ። መዳፋቸውን ለማንም አልዘረጉም። የእግረኛ መንገዱን ሲረግጡ ቁጥሩ ሁለት ይላል።

ልጅቷ ስልኳን አየች፣ እናቷን አየች። «እማዬ፣ ለምን ትቆሚያለሽ? ባትቆሚ ኖሮ እኮ ስምንት ሰከንድ ይተርፍሽ ነበር!»

«አሥራ ሁለቱን ለምን የጨመሩልኝ መሰለሽ?» አሉ እትዬ። «ለሰላምታው ነው።»

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። የውሉን ማደሻ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች፤ ለካ ይዛው መጥታ ነበር። እትዬ በርበሬው ሚዛን ላይ አስደግፈው ፈረሙ።